ከዘሩ በፊት አፈሩን፦ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የጓሮ አትክልት እንዴት ይጀመራል?

በጓሮአቸው አትክልት ለማልማት የሚነሱ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚገዙት ዘርና ችግኝ ነው። ይሁን እንጂ ጎመኑም ሆነ ቆስጣው ምግቡን የሚያገኘው ከአፈሩ ስለሆነ፣ ዩሪያና ዳፕ ሳይጠቀም ማምረት የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት ለአፈሩ መስጠት ይኖርበታል። አዲስ አበባን በመሰለ፣ የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክመው በሚያልፉበት ከተማ፣ በምን ውሃና በምን አፈር እንደበቀለ የሚታወቅ ጎመን በማዕድ ላይ ማግኘት ይህን ድካም የሚያስከፍል ጉዳይ ነው።

ቦታውንና አፈሩን መመርመር

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የራቀና ለውሃ የቀረበ ቦታ ይምረጡ። ለጀማሪ 1.2 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መደብ በቂ ነው፤ ስፋቱ ከዚህ ካልበለጠ ከሁለቱም ጎን ቆሞ መኮትኮትና ማረም ስለሚቻል አፈሩ በእግር አይረገጥም።

ከዚያም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ውስጡን ይመልከቱ። በቅርብ በተሠሩ ቤቶች ግቢ ከላይ የሚታየው አፈር ስስ ሽፋን ብቻ ሆኖ፣ ከሥሩ ገረጋንቲና የሲሚንቶ ፍርስራሽ መገኘቱ የተለመደ ነው። ይህ ሳይወጣ የሚጨመር ማዳበሪያ ሁሉ ድካሙን አይመልስም። ቀጥሎም ከጉድጓዱ እፍኝ አፈር ወስደው በውሃ አርሰው በመዳፍዎ መካከል ያሽከርክሩት። ሳይሰነጣጠቅ እንደ ክር እየቀጠነ የሚረዝም ከሆነ ሸክላነቱ የበዛ ነው። በክረምት አብጦ ውሃ የሚይዘው፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር፣ ማለትም ኮትቻ ወይም ዋልካ የሚባለው፣ የዚህ ዓይነት ነው። ብዙዎች እንዲህ ያለውን አፈር ለማላላት ጥቂት አሸዋ ይጨምሩበታል፤ ይህ ግን አፈሩን ከማላላት ይልቅ ሊያጠጥረው ይችላል። ለኮትቻ መፍትሔው ኮምፖስትና ከፍ ያለ መደብ ነው።

ኮምፖስት ማዘጋጀት

ክምሩን ለመጀመር ከመስከረምና ከጥቅምት የተሻለ ወቅት የለም፤ ክረምቱ ያበቀለው አረም ዘር ሳይቋጥር ለምለም ሆኖ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ጥላ ያለበትና ጎርፍ የማይደርስበት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቦታ ይምረጡና አየር ከታች እንዲገባ መጀመሪያ ጭራሮ ያንጥፉ። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቆራረጠ ካርቶን፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እርጥብ አረም፣ የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ ያድርጉ። በዚህ ላይ እበት ወይም የዶሮ ኩስ በስሱ በትነው፣ ጥቂት አፈር ነስንሰው ውሃ ያርከፍክፉበት። ክምሩ 1 ሜትር እስኪደርስ ይህንኑ ንብርብር ይደጋግሙ፤ ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀቱን ይዞ መቆየት አይችልም። ሥጋ፣ ቅባት፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር፣ በበሽታ የተጠቃ ተክል፣ እንዲሁም የሌሎችን ተክሎች እድገት የሚገታው የባህር ዛፍ ቅጠል ሊገቡበት አይገባም።

ክምሩ በትክክል እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ረጅም ዘንግ እስከ መሐሉ ሰክተው ይተዉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ነቅለው በእጅዎ ይዳስሱት። ዘንጉ ሞቅ ያለና ወዝ ያለው ከሆነ ሥራው እየተካሄደ ነው። ሞቅ ብሎ ነገር ግን ደርቆ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይዞ ከወጣ ውሃ አንሶታል፤ ቀዝቅዞና ረጥቦ፣ የሚከረፋ ሽታ ይዞ ከወጣ ደግሞ አየር አጥሮታልና ደረቅ ነገር ጨምረው ያገላብጡት። ትክክለኛው እርጥበት ከክምሩ ጨብጠው ሲጨምቁ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ብቻ የሚወጣበት ነው። የመሐሉ ሙቀት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ አብዛኛው የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ የዳሩም ድርሻውን እንዲያገኝ በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ የውጩን ወደ ውስጥ እያደረጉ ያገላብጡ። ከ3 እስከ 4 ወር፣ በብርድ ወራትም ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ ጭዱና ልጣጩ የማይለይ፣ ጠቆር ያለና የመጀመሪያው ዝናብ እንደነካው መሬት የሚሸት ሆኖ ያገኙታል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረውና የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የደከሙበት የኮምፖስት ሥራ፣ የተጎዳ የአርሶ አደር ማሳ እንኳን በዚህ መንገድ ሊያገግም እንደሚችል አሳይቷል። ከዚያ ማሳ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ግቢ አፈር ቀላል ነው።

መደቡን መሥራትና መትከል

ኮትቻ ለቁፋሮ የሚመቸው እጅ ላይ የማይጣበቅበትና ድንጋይም የማይሆንበት አጭር ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ጠብቀው በዶማ ያላሉት። መደቡን ከዙሪያው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ይቀላቅሉ፤ ለተጠቀሰው መደብ በ20 ሊትር ባልዲ 7 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ያልበሰበሰ እበት ሥር ከማቃጠሉም በላይ የወስፋት እንቁላል ሊይዝ ስለሚችል፣ በጥሬ ለሚበሉት ለሰላጣና ለካሮት ፈጽሞ አይጠቀሙበት። አመድ አሲዳማ ለሆነ ቀይ አፈር በጥቂቱ ይጠቅማል፤ ለኮትቻ ግን አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ዓመት ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ይትከሉ። ካሮት አፈሩ ከላላ በኋላ ቢመጣ ይሻላል፤ በጠጣር አፈር ሥሩ ይጣመማል። ለጎመን ችግኝ 40፣ ለቆስጣ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይስጡ፤ በማለዳ ውሃ ያጠጡ፤ በችግኞቹ መካከልም ግንዱን የማይነካ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የጭድ ወይም የደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ያድርጉ። ጉዝጓዝ እርጥበት ይጠብቃል፤ ኮትቻው እንዳይሰነጠቅም ይረዳል፤ በስብሶም አፈር ይሆናል። በጎመን ቅጠል ሥር ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ከታየ በውሃ ግፊት ማጠብ ወይም ቀለል ባለ የሳሙና ውሃ መርጨት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ጎመን በአንድ ቦታ ተደጋግሞ መተከል የለበትም። ከምርቱ በኋላ መደቡን በሰኔ ለባቄላ ይስጡት፤ ሲያብብም አንድ እግር ነቅለው በሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ ናይትሮጅንን ከአየር እየያዙ ነው። እሸቱ ከተለቀመ በኋላ የቀሩትን አይንቀሉ፤ ግንዱን ከመሬት ወለል ላይ ቆርጠው ለኮምፖስቱ ያድርጉት፣ ሥሩን እዚያው ይተዉትና የሚቀጥለውን የጎመን ችግኝ በመካከሉ ይትከሉ።