የዶሮ ኮራይዛ ባክቴሪያ አልበቅል ሲል

ፊታቸው ካበጠ ዶሮዎች የወሰድኩት ናሙና በደም አጋር (ባክቴሪያ በሚበቅልበት፣ ደም በተቀላቀለበት ጄል) ላይ ደጋግሞ ባዶ ወጣ። ምልክቱ ግን የኮራይዛ፣ ማለትም የዶሮ የመተንፈሻ አካል ተላላፊ በሽታ፣ ነበር፤ የአፍንጫው ፈሳሽ ክርፋት ብቻውን ያሳብቃል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ አቪባክቴሪየም ፓራጋሊናረም ነው፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ለማደግ የሚያስፈልጋቸውን ኤንኤዲ የተባለ ንጥረ ነገር ራሳቸው አይሠሩም። በተራ ደም አጋር ላይ ያለው ደግሞ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ናሙናውን ከቀባሁ በኋላ በመካከሉ ስታፊሎኮከስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ በአንድ መስመር አሰመርኩበት፤ እርሱ ሲያድግ ኤንኤዲ ያመነጫል። ሳህኑን ሻማ ከበራበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስገብቼ ከደንኩና በ37 ዲግሪ አሳደርኩት፤ ሻማው ነድዶ ሲጠፋ የሚተወው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበቃል። በማግሥቱ ጤዛ የመሰሉ ጥቃቅን ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) መስመሩን ተጠግተው ታዩ፤ ራቅ ሲል ምንም የለም።

በደቡብ አፍሪካ ግን ኤንኤዲ የማይፈልጉ ዝርያዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ ባክቴሪያው ያለ መስመሩም ስለበቀለ ብቻ ኮራይዛ አይደለም ማለት አይቻልም።