ቤዝ ጊታርን በቤት ስቱዲዮ ለምትቀርጹ
ቤዝ ጊታርን በቤታችሁ ስትቀርጹ፣ ከአምፕሊፋየሩ ፊት በተተከለው ማይክሮፎን ብቻ ሳትወሰኑ፣ በዲአይ ቦክስ (ቤዙን ያለ ማይክሮፎን ከመቅረጫው ጋር በሚያገናኝ ትንሽ መሣሪያ) በኩል በቀጥታ የሚገባውን ንጹሕ ድምፅም በሌላ ትራክ ላይ ያዙት። የባለ አራት ክር ቤዝ ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ ገደማ በመሆኑ፣ ጠባብ ክፍል አንዱን ኖታ ያገንነዋል፣ ሌላውን ይውጠዋል፤ በቀጥታ የተቀዳው ግን ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

ሁለቱን ትራኮች ስትቀላቅሉ ጥንቃቄ አይለያችሁ። ማይክሮፎኑ ከስፒከሩ በራቀ ቁጥር በየ34 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ፣ የአንዲት ኖታ መነሻ በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ የኋለኛውን ሞገድ ወደ ፊተኛው ሳቡት፤ ካልተገጣጠሙ ያ የምንወደው ወፍራም ድምፅ ይሳሳል። በተለይ የአምፕሊፋየሩን ትራክ ሞገድ ላይና ታቹን ገልብጣችሁ (ፖላሪቲውን ቀይራችሁ) ከቀድሞው ጋር እያነጻጸራችሁ አድምጡ፤ የትኛው እንደሚሞላ ጆሯችሁ ወዲያው ይለየዋል።