በትንሽ ስኪድ ስቲር ሎደር (ከፊቱ የተለያዩ መሣሪያዎች የሚገጠሙለት ጫኚ ማሽን) ላይ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ መስመር ለምትገጥሙ
እንደ ጉድጓድ መቆፈሪያ ያለ መሣሪያ ለማሠራት ተጨማሪ የሃይድሮሊክ መስመር የምትገጥሙ ሁሉ፣ ቱቦና ማገናኛ ከመግዛታችሁ በፊት ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር ዘይት እንደሚገፋ ከማሽኑ መመሪያ አረጋግጡ፤ መሣሪያው የሚፈልገውን ፍሰት ፓምፑ ካልሰጠ የዘይቱን ፍሰት የሚመራ ቫልቭ መጨመር ብቻውን አቅም አይፈጥርም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው አዲሱ ቫልቭ የሚገባበት ቦታ ነው። የመቆጣጠሪያ ማንሻዎቹ ሳይነኩም ዘይቱ በቫልቩ ውስጥ አልፎ ወደ ታንክ በሚመለስበት ሥርዓት፣ አዲሱን ቫልቭ ከነባሩ ቀጥሎ ማገናኘት የሚቻለው ነባሩ ቫልቭ ለዚሁ የተዘጋጀ የግፊት መውጫና ለብቻው ወደ ታንክ የሚሄድ መመለሻ ካለው ብቻ ነው። ተራውን የታንክ መውጫ ለዚህ መጠቀም ግን ዝቅተኛ ግፊት እንዲችል የተሠራውን የቫልቩን ክፍል ለሙሉ ግፊት ስለሚያጋልጠው፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚከለክለው ማሸጊያ (ሲል) ሊፈነዳ፣ ይባስ ብሎም የቫልቩ አካል ሊሰነጠቅ ይችላል።

መስመር ከመፍታታችሁ በፊት ክንዱን መሬት ላይ አሳርፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የታመቀውንም ግፊት አስወጡ። ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ በካርቶን እንጂ በእጃችሁ አትፈልጉ፤ በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ስለሚገባ፣ ቁስሉ ኢምንት ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።