ስካይሪም ላይ ጎራዴና ድግምት አልስማማ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ስካይሪም በተባለው የኮምፒውተር ጌም ላይ በቀኝ እጁ ጎራዴ፣ በግራው ድግምት ይዞ የሚዋጋ ተጫዋች የሚያስበውም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጌም ስለሆነ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል፤ ጎንደር ውስጥ እስከ ዛሬ ከሚወደድበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ተዋጊና አስማተኛን ማጣመር ግን ብዙ ሰው ሌቭል 15 እና 20 መካከል ያቆመዋል። «ድብልቅ ደካማ ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚደክመው ሁለቱም እጆች አንድ ዓይነት ሥራ ሲሰጣቸው ነው። ጎራዴው ይግደል፤ ድግምቱ ያዳክም፣ ይከልል፣ ይፈውስ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ቁጥሮቹ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) ላልተጫነበት ጌም ናቸው።

ምልክት፦ ጠላት አይሞትም፣ እናንተ ግን በሁለት ምት ትወድቃላችሁ

ባሕርያችሁን (በጌሙ ውስጥ የምትመሩትን ሰው) ከመውቀሳችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የጨዋታውን የክብደት (የአስቸጋሪነት) ደረጃ እዩ። መደበኛው አዴፕት ነው። ማስተር ላይ ከሆነ የእናንተ ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል፣ የጠላት ምት እጥፍ ይሆናል፤ ሌጀንደሪ ላይ ደግሞ የእናንተ ወደ ሩብ ወርዶ የጠላት ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ጌም ቤት ለምትጫወቱ ይህ የመጀመሪያው ፍተሻ ይሁን፤ ከእናንተ በፊት የተቀመጠው ልጅ የመረጠው ደረጃ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። በጨዋታው መሀል መቀየር ይቻላል፣ ምንም አይበላሽም።

ደረጃው አዴፕት ሆኖም ካልተሻለ መንስኤው ፐርክ (ሌቭል ሲወጣ የሚመረጥ የችሎታ ማጠናከሪያ) ነው። በየሌቭሉ የሚሰጠው 1 ፐርክ ብቻ ስለሆነ ሌቭል 20 ላይ በእጃችሁ ያለው 19 ነው። 19ኙን ለስምንት ዘርፍ ካካፈላችሁ የትኛውም አይጠነክርም፤ ጠላት ግን ከሌቭላችሁ ጋር አብሮ ያድጋል። በተለይ ሪቨርውድ መንደር ተቀምጦ የብረት ጩቤ እየቀጠቀጠ ሌቭል ያሳደገ ሰው ይህን ያየዋል፦ ሌቭሉ የወጣው በአንጥረኝነት ነው፣ የመጣበት ሽፍታ ግን የጦርነት ሌቭል ይዞ ነው።

መፍትሄው አንድ መሣሪያ፣ አንድ የጥሩር ዓይነት፣ ሁለት የአስማት ዘርፍ፣ ከእነሱም ጋር ኢንቻንቲንግ (ዕቃ ላይ ድግምት መጨመር)። ከዚህ አትለፉ። ለሌቭል 20 የሚበቃ አከፋፈል ይኸውላችሁ፦ ዋን ሃንድድ (የአንድ እጅ መሣሪያ) ላይ አርምስማን 3 ጊዜ (ስኪል፣ ማለትም የዘርፉ ችሎታ፣ 0፣ 20 እና 40 ሲሆን ይከፈታል) እና ፋይቲንግ ስታንስ 1፤ ላይት አርመር (ቀላል ጥሩር) ላይ ኤጃይል ዲፌንደር 2 እና ከስተም ፊት 1፤ ዲስትራክሽን (የማጥቂያ ድግምት) ላይ ኖቪስ፣ አፕረንቲስ እና ኦግመንትድ ፍሌምስ 1፤ ሬስቶሬሽን (የፈውስ ድግምት) ላይ ኖቪስ፣ ሪከቨሪ 1 እና ሪስፓይት፤ ኢንቻንቲንግ ላይ ኢንቻንተር 2። ይህ 15 ነው። የቀረውን 4 አትቸኩሉበት፤ ፐርክ ሳይመደብ ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል፣ ስኪላችሁ ሲከፍተው ትጠቀሙበታላችሁ።

ስኪል ወደኋላ ከቀረባችሁ በገንዘብ አሠልጥኑ። በአንድ ሌቭል 5 ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ስለዚህ አምስቱንም ለደከመው ዘርፍ ስጡ። ለዲስትራክሽን ፋራልዳ፣ ለኦልተሬሽን (የመከለያ ድግምት) ቶልፍዲር፣ ሁለቱም ዊንተርሆልድ ኮሌጅ አሉ።

ምልክት፦ ሁለት ድግምት ጠርታችሁ ማጂካ (የድግምት ጉልበት) አለቀ

ይህ የሁሉም ሰው ችግር ነው፣ ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። ሁሉም ባሕርይ የሚጀምረው በ100 ማጂካ ነው (ሃይ ኤልፍ የተባለው ዘር 50 ይጨመርለታል)። ከጦርነት ውጭ በሰከንድ ከጠቅላላው 3 በመቶ ይመለሳል፤ ጠላት ካያችሁ በኋላ ግን ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። 100 ማጂካ ያለው ሰው ውጊያ ላይ በሰከንድ 1 ነጥብ ብቻ ያገኛል ማለት ነው። ፍሌምስ የተባለው የእሳት ድግምት በሰከንድ 14 ይበላል። ኦክፍሌሽ (ቆዳን እንደ ጥሩር የሚያጠነክር ድግምት) መነሻ ዋጋው 103 ነው፤ ስኪላችሁ 15 ከሆነ ወደ 91 ይወርዳል። አንዴ ከጠራችሁት የቀራችሁ ነገር የለም፣ የቀረውን ውጊያ በባዶ ነው የምትገፉት።

ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ኦክፍሌሽን የምትወዱ ከሆነ ከተቀመጡት 4 ፐርኮች አንዱን ለኖቪስ ኦልተሬሽን ስጡ፤ ዋጋው በግማሽ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጥሩት። ድግምቱ 60 ሰከንድ ይቆያል፣ ማጂካው ግን ጠላት ገና ስላላያችሁ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይመለሳል፤ ውስጥ ስትገቡ ጥሩሩም ማጂካውም አላችሁ። ይህችን አንዷን ልማድ ብቻ የያዘ ሰው ጨዋታው ይቀየርለታል። ሦስተኛ፣ በየሌቭሉ የምትጨምሩትን 10 ነጥብ አመዛዝኑ። እስከ ሌቭል 20 ያለውን 19 ጭማሪ 9 ለሄልዝ (ጤና)፣ 8 ለማጂካ፣ 2 ለስታሚና (የአካል ጉልበት) ብትሰጡ 190፣ 180 እና 120 ይሆንላችኋል። ሁሉን ለማጂካ የሰጠ ሰው ጎራዴ ይዞ ፊት ለፊት መቆም አይችልም፤ ይህ ስህተት ከተቃራኒው ይልቅ ይበዛል።

ኢንቻንቲንግ እያደገ ሲሄድ የዲስትራክሽን ዋጋ የሚቀንስ ኢንቻንትመንት ራስ፣ ደረት፣ አንገትና ቀለበት ላይ ይገባል። እያንዳንዱ 25 በመቶ ከደረሰ አራቱ ተደምረው ድግምቱን ነጻ ያደርጉታል። ይህ የሚሆነው ስኪል 100 ላይ፣ ፐርኮቹ ተይዘው፣ በትልቁ የነፍስ ድንጋይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያገኛችሁትን ኢንቻንትድ ዕቃ አፍርሳችሁ ኢንቻንትመንቱን ተማሩ፣ አትሽጡት።

ምልክት፦ ድግምቱ መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ አሁን አይጎዳም

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የዲስትራክሽን ስኪል ሲያድግ የሚቀንሰው ዋጋው ነው እንጂ ጉዳቱ አይጨምርም። ፋየርቦልት የተባለው የእሳት ድግምት ስኪል 25 ላይም 100 ላይም 25 ነጥብ ነው የሚጎዳው። ኦግመንትድ ፍሌምስ አንዴ ሲያዝ 25 በመቶ፣ ሁለቴ ሲያዝ 50 በመቶ ይጨምርበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው የአልኬሚ መድኃኒት ነው። ጎራዴ ግን በስኪልም፣ በአርምስማንም፣ በሞረድም ያድጋል። ስለዚህ መግደሉን ለጎራዴው ተዉለት።

የግራ እጃችሁን እሳት፣ በረዶና መብረቅ እንደ ጠላቱ ምረጡ። ለተዋጊ ጠላት በረዶ፤ ስታሚናውን ይበላል፣ እርምጃውን ያዘገያል፣ ከባድ ምቱን ያጣል። ለአስማተኛ መብረቅ፤ ማጂካውን ያወርዳል። ለትሮልና ለቫምፓየር እሳት። መቃብር ውስጥ የሚነሱት ድራውገሮች በረዶን በግማሽ ይቋቋማሉ፣ ለእነሱ በረዶ አታባክኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ፐርክ የሚጠፋበት ወጥመድ አለ። ዱዋል ካስቲንግ እና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ኢምፓክት የሚሠሩት ሁለቱም እጆች አንድ ድግምት ሲይዙ ብቻ ነው። ቀኝ እጃችሁ ጎራዴ ከያዘ ሁለቱም ፐርኮች ሞተዋል። ኢምፓክት ጠላትን እያንገዳገደ የሚያቆም ድንቅ ፐርክ ነው፣ ግን ለንጹሕ አስማተኛ ነው።

ምልክት፦ ጎራዴና ድግምት ስትቀያይሩ ትመታላችሁ

ግራ እጅ ድግምት ከያዘ በጎራዴው መከላከል አይቻልም፤ ቁልፉ ድግምቱን ይተኩሳል እንጂ አይከልልም። በሜኑ ውስጥ እየገቡ መቀያየር ደግሞ ውጊያውን ይቆራርጠዋል። የምትጠቀሙበትን ሁሉ ፌቨሪት አድርጉ፣ በኮምፒውተር ኪው ቁልፍን ተጭናችሁ ዝርዝሩን ክፈቱ፣ ዕቃው ላይ ሆናችሁ ከ1 እስከ 8 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ስጡት። 1 ጎራዴ፣ 2 እሳት፣ 3 ፈውስ፣ 4 ጋሻ ይሁን፤ ቅደም ተከተሉን በየጨዋታው አትቀያይሩ፣ እጃችሁ እንዲለምደው። በጆይስቲክ ዝርዝሩ የሚከፈተው በአቅጣጫ ቁልፉ የላይኛው ጫፍ ነው።

አካሄዱም፦ ከሩቅ ድግምት፣ ሲቀርብ ጋሻ አንስታችሁ የመጀመሪያውን ምት ተቀበሉ፣ ከዚያ ጎራዴ። ባውንድ ሶርድ (በድግምት የሚጠራ ጎራዴ) የምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ ወደ አፎት ከመለሳችሁት ይጠፋል፣ እንደገና ማጂካ ከፍሎ መጥራት ነው። ክብደት የለውም፣ ሞረድና ኢንቻንትመንት ግን አይቀበልም።

ምልክት፦ ሜጅ አርመር ፐርክ ወስዳችሁ ጥሩሩ አልጨመረም

ሜጅ አርመር እንደ ኦክፍሌሽ ያለውን ድግምት የሚያጠነክር ፐርክ ነው፤ የሚሠራው አንድም የጥሩር ዕቃ ካልለበሳችሁ ነው። ካባ ለብሶ የብረት ጫማ ያደረገ ሰው ፐርኩን አጥቷል፤ የኦክፍሌሽ መደበኛው 40 ነጥብ ግን ይደመርለታል። የደባለቀ ደግሞ ከስተም ፊትንም አያገኝም፣ ራስ፣ ደረት፣ እጅና እግር አራቱም ቀላል ጥሩር መሆን አለባቸውና። ለጎራዴ ተዋጊ ሙሉ ጥሩሩ ይሻላል፤ ሜጅ አርመርን ተዉት። የጥሩር ጥበቃ 80 በመቶ ላይ እንደሚቆምም እወቁ፣ ከዚያ በላይ ቢደራረብ ዋጋ የለውም።

ሌሎች አጫጭር ችግሮች

ኢንቻንት ያደረጋችሁት ጎራዴ ሞረዱ ላይ አልሻሻል ካለ፣ አንጥረኝነት 60 ላይ የሚገኘው አርኬን ብላክስሚዝ ፐርክ የላችሁም ማለት ነው። ፐርኩ እስኪገኝ ቅደም ተከተሉን አዙሩ፦ መጀመሪያ ሞርዱ፣ ከዚያ ኢንቻንት አድርጉ።

የጠራችሁት አትሮናክ (በድግምት የሚጠራ ፍጡር) አንዳንዴ ካልመጣ፣ የአትሮናክ ድንጋይን በረከት ይዛችሁ ይሆናል። 50 በመቶ ድግምት ይውጣል፣ የራሳችሁን ጥሪ ጨምሮ። ማጂካ የሚመለስበትንም ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። ሌላ ድንጋይ ምረጡ።

ስታሚና እያለቀ ከባድ ምት ካቃታችሁ፣ ጥቅል ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም አንዳንድ አድርጋችሁ የአትክልት ሾርባ አብስሉ። የጾም ምግብ ይመስላል፣ ጉልበቱ ግን የፍስክ ነው፦ ለ720 ሰከንድ በየሰከንዱ 1 ስታሚናና 1 ሄልዝ ይመልሳል፤ ስታሚና ፈጽሞ ባዶ ስለማይሆን ከባዱ ምት አይከለከልም። ሪስፓይት ፐርክ ካላችሁ ፈውስ ስትጠሩም ስታሚና ይመለሳል።

ፐርኩን አስቀድማችሁ ካበላሻችሁ፣ 100 የደረሰ ስኪልን ሌጀንደሪ አድርጋችሁ ወደ 15 መመለስና በዚያ ዘርፍ ያሉትን ፐርኮች ማስመለስ ይቻላል። ድራጎንቦርን የተባለው ተጨማሪ ክፍል ያለው ሰው የዚያን ክፍል ዋና ታሪክ ከጨረሰ በኋላ ዌኪንግ ድሪምስ በሚባለው ጥቁር መጽሐፍ በ1 የድራጎን ነፍስ የአንድ ዘርፍ ፐርኮችን ያስመልሳል። ሁለቱም እስኪደርሱ ግን የሚቀጥሉትን ሌቭሎች ለጎራዴውና ለጥሩሩ ብቻ ስጡ፤ አምስት ስድስት ሌቭል ውስጥ ባሕርዩ ይነሳል።

መብራት ሲጠፋ

በራስ ሰር ሴቭ ላይ ብቻ አትተማመኑ። በኤፍ 5 የሚቀመጠው ፈጣን ሴቭ ያለፈውን ያጠፋል፤ መብራቱ እየተቀመጠ ሳለ ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ከእያንዳንዱ ዋሻ በፊትና ፐርክ ከመመደባችሁ በፊት በሜኑ በኩል አዲስ ሴቭ ክፈቱ፣ ቢያንስ ሦስት ይቀመጡ። ጌም ቤት ኮምፒውተር ላይ የምትጫወቱ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ዶክመንትስ ውስጥ ማይ ጌምስ፣ ከዚያ የጌሙ ስም ባለው ፎልደር ያለውን ሴቭስ ወደ ፍላሽ ቅዱ፤ በማግስቱ ሌላ ማሽን ላይ ብትቀመጡም እዚያው ቦታ ላይ ስትመልሱት ባሕርያችሁ ካቆመበት ይቀጥላል።