ፋይል የሚያነብ ሉፕ ካበቃ በኋላ ድምሩ ለምን ዜሮ ይሆናል?

አንድ ፋይል የክፍሎችን ስም በየመስመሩ ይዟል እንበል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ የተማሪዎች ስም የተዘረዘረበት ሌላ ፋይል አለ። በባሽ (ትእዛዞችን ተቀብሎ በሚያስኬድ ፕሮግራም፣ ማለትም በሼል) በተጻፈው ስክሪፕት ውስጥ የውጪው ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) የክፍሎቹን ስም ሲያነብ፣ የውስጡ ሉፕ ተማሪዎቹን እየቆጠረ በድምሩ ላይ አንድ አንድ ይጨምራል። ድምሩ ሉፑ ውስጥ ሲታተም እያደገ ይታያል፤ ሁለቱም ሉፖች ካበቁ በኋላ ግን ዜሮ ይሆናል።

ሲ ወይም ጃቫ የለመደ ሰው ጥፋቱን ሉፑ ላይ መጣሉ አይቀርም። ባሽ ግን ለሉፕ የተለየ ወሰን፣ ማለትም ተለዋዋጮች (ዋጋ የሚይዙ ስሞች) ለብቻቸው የሚኖሩበት ክልል አይሰጥም፤ ወሰን የፈጠረው ፓይፑ፣ ማለትም የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው የ«|» ምልክት ነው። ፋይሉ በካት (ፋይል አንብቦ በሚያወጣ ትእዛዝ) ተነቦ በ«|» ወደ ዋይል (ሉፑን ወደሚጀምረው ቃል) ሲተላለፍ፣ ባሽ ሉፑን የሚያስኬደው በሰብሼል፣ ማለትም ከዋናው ሼል በተባዛ ልጅ ፕሮሰስ ውስጥ ስለሆነ፣ የሚለወጠው ድምሩን የያዘው ተለዋዋጭ ቅጂ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሱ ሲያበቃ ቅጂውም አብሮ ይጠፋል። ዚ ሼል የተባለው ሌላ ሼል የፓይፑን የመጨረሻ ክፍል በዋናው ሼል ስለሚያስኬድ፣ እዚያ በትክክል የሠራ ስክሪፕት ባሽ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

የትኛው ሉፕ በፓይፕ እንደሚመገብ ከምልክቱ መለየት ይቻላል። ድምሩ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ አድጎ ከዚያ በኋላ ከጠፋ ችግሩ የውጪው ሉፕ ፓይፕ ነው፤ በየክፍሉ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ከሆነ ግን የውስጡን ይመልከቱ።

መፍትሔው ካትን ትቶ፣ ሉፑን ከሚዘጋው ደን ከሚለው ቃል ቀጥሎ የ«<» ምልክትንና የፋይሉን ስም መጻፍ ነው። የሚነበበው የፋይንድ ወይም የግሬፕ (ፋይልና ጽሑፍ የሚፈልጉ ትእዛዞች) ውጤት ከሆነ ትእዛዙ በ«< <( )» ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱ «<» ምልክቶች መካከል ያለው ክፍተት ግዴታ ነው። ይህን አጻጻፍ ዳሽ የተባለው ቀለል ያለ ሼል ስለማያውቀው ስክሪፕቱ በባሽ መጠራት አለበት። ከባሽ 4.2 ጀምሮ የፓይፑን የመጨረሻ ክፍል በዋናው ሼል የሚያስኬድ ላስትፓይፕ የሚባል አማራጭም አለ፤ የሚሠራው ግን ጆብ ኮንትሮል (ተርሚናል ላይ ሳይጠየቅ የሚበራው የትእዛዞች መቆጣጠሪያ) ሲጠፋ ብቻ ስለሆነ፣ ተርሚናል ላይ ሲሞክሩት የማይሠራ ሊመስል ይችላል። እኔ የ«<»ን መንገድ እመርጣለሁ።

ፓይፑ ከተወገደ በኋላ ተለዋዋጮቹ ሁሉ የጋራ ስለሚሆኑ የተገላቢጦሹ ችግር ይመጣል። የየክፍሉን ተማሪዎች ለብቻ የሚቆጥር ተለዋዋጭ ካለ፣ በውጪው ሉፕ መግቢያ ላይ በየጊዜው ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ሁለቱ ሉፖች መስመር የሚያነቡበት ተለዋዋጭ ስሙ አንድ ከሆነ ደግሞ፣ ሪድ (መስመሩን የሚያነበው ትእዛዝ) ፋይሉ ሲያልቅ ተለዋዋጩን ባዶ ስለሚያደርገው፣ ከውስጡ ሉፕ በኋላ የክፍሉን ስም ማተም የፈለገ ሰው ባዶ መስመር ያገኛል። የተለዋዋጭን ወሰን የሚያጠበው ሎካል የሚለው ቃል በፈንክሽን ውስጥ እንጂ በሉፕ ውስጥ ብቻውን አይሠራም፤ ስለዚህ የተለያየ ስም መስጠት ይሻላል።

የውጪው ሉፕ አንድ መስመር ብቻ አንብቦ የሚቆም ከሆነ፣ ውስጡ ያለ እንደ ኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ) ያለ ትእዛዝ ቀሪዎቹን መስመሮች ከስታንዳርድ ኢንፑት (ትእዛዞች ግብዓት ከሚያነቡበት የጋራ ምንጭ) ወስዷቸዋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የውጪውን ፋይል በ«3<» ከፍቶ፣ ሪድ ከ3ኛው ፋይል ዲስክሪፕተር (ለተከፈተ ፋይል ከሚሰጥ ቁጥር) እንዲያነብ ማድረግ ነው። ድምሩ ከእውነተኛው ቁጥር በአንድ ቢያንስ ደግሞ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር ይፈትሹ፤ መስመሩ በአዲስ መስመር ምልክት ካልተዘጋ፣ ሪድ ጽሑፉን ወደ ተለዋዋጩ ቢያስገባም ፋይሉ እንዳለቀ ስለሚያሳውቅ ሉፑ ሳይቆጥረው ይወጣል።