ልጆቹ ይችላሉ፤ ሙዚቃው ግን አልያዝ አለ

የወላጆች ቀን ሲቃረብ የሙዚቃ ክበቡ የራሱን ዜማ ይዞ መቅረብ ይፈልጋል። ክራር አለ፣ ዋሽንት አለ፣ ኪቦርድና ከበሮም አለ። ለየብቻ ሲሆኑ ጥሩ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይጥምም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የችሎታ አይደለም። ማን መቼ ዝም እንደሚል አልተነጋገሩም።

ሁሉም ይጫወታል፣ ምንም አይለይም

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ልጅ እጁን ማሳረፍ አይወድም። ሰሌዳ ላይ ሰንጠረዥ ሥሩ። ወደ ታች መሣሪያዎቹን ጻፉ፤ ወደ ጎን ደግሞ መግቢያ፣ ስንኝ፣ አዝማች፣ መሸጋገሪያ፣ መዝጊያ። እያንዳንዱ ልጅ በሚጫወትበት ሳጥን ላይ ምልክት ያድርግ። መጀመሪያ ሁሉም ሳጥን ይሞላል፣ አይቀርም! ያኔ ዳስተሩን ለእነሱ ስጡና ቢያንስ ሲሶውን ያጥፉ። መግቢያው ለዋሽንት ብቻ ቢቀር፣ ከበሮው እስከ አዝማቹ ቢጠብቅ፣ አዝማቹ ሲመጣ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። አስተማሪው ራሱ ባያጠፋ ይሻላል፤ የተቀነሰበት ልጅ ያኮርፋል።

ክራሩና ዋሽንቱ አይስማሙም

ሁለቱም በትዝታ ቅኝት እየተጫወቱ መነሻ ድምፃቸው ሊለያይ ይችላል። ዋሽንት ድምፁ በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ነው፤ እንደ ክራር አይቃኝም። ስለዚህ ክራሩ ወደ ዋሽንቱ ይምጣ። ኪቦርዱ ትራንስፖዝ (መነሻ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ) ካለው እሱም ይከተል፤ ልጁ ነጮቹን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ይንካ። አሁንም ከኪቦርዱ ጋር ከተጣሉ ሌላ ርዝመት ያለው ዋሽንት ሞክሩ።

ግጥሙ ዜማው ውስጥ አይገባም

ዜማው ወል ቤት ለሚባለው የግጥም ዓይነት ከተሠራ አንዱ ስንኝ 6 እና 6 ቀለም (ሲነገር የሚሰማ ክፍለ ቃል) ይፈልጋል። ልጆቹ 14 ከጻፉ መንተባተብ ይመጣል። ግን በዓይን ፊደል አትቁጠሩ፤ ሳድሱ ሲዜም ብዙ ጊዜ ይዋጣል። እያጨበጨቡ ጮክ ብለው ይበሉትና የሚተርፈውን ቃል ራሳቸው ያውጡ።

እየፈጠነ ይሄዳል

አዝማቹ ሲሞቅ ከበሮ መቺው ይነዳል። ለጥቂት ልምምድ ከበሮና ድምፅ ብቻ ይሁኑ፤ የስልክ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መተግበሪያ) ይርዳቸው።

ማለቂያው አይታወቅም

አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ከዚያ ሳቅ። ምልክት የሚሰጥ አንድ ልጅ ምረጡ፤ አውጪው (መሪ ዘፋኙ) ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሁሉም ያየዋል። አዝማቹ 2 ጊዜ ይደገም፤ እጁን ሲያነሳ ሁሉም ይቁም፣ የመጨረሻዋን ሐረግ ክራሩ ብቻውን ይጨርሳት። ይህችን መዝጊያ ከዘፈኑ ለይታችሁ ደጋግማችሁ አለማምዱ።