ባለብዙ ሞተር የሞዴል ጀልባ ሪሞት ሲስተካከል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው የሞዴል ጀልባ ወደ አንድ ጎን ሲጎትት፣ ባለበት ዙር ሲባል ወደፊት ሲሸሽ ወይም አንዱ ሞተር ቀድሞ ሲነሳ፣ ጥፋተኛ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሪሞቱ ነው። ሪሞቱ ግን የተሰጠውን ቁጥር ከማስተላለፍ ያለፈ ሥራ የለውም። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ሞተሩ፣ ኢኤስሲ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያና የስቲኩ መሃል ሳይስተካከሉ ሚክስ ሜኑ ውስጥ መግባት። ሚክስ፣ ማለትም የፍጥነትንና የመሪን ትእዛዝ አዋህዶ ለየሞተሩ የሚያከፋፍለው ቅንብር፣ ከማስተካከያዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚሠራ ነው። ከዚህ በታች ግራና ቀኝ የሚባለው ከጀልባው ኋላ ሆነው ወደ ፊት ሲያዩ ነው።

ትሮትሉን በማይመለስ ስቲክ ላይ ማድረግ

ለአውሮፕላን የተሠራ ሪሞት የትሮትል (የፍጥነት) ስቲኩ ጣት በለቀቀው ቦታ ይቀራል እንጂ ወደ መሃል አይመለስም። ኋላ ማርሽ ላለው ጀልባ ይህ አይመችም። ፍሪው የቱ ጋ እንደሆነ በጣት ስለማይታወቅ ጀልባው ዳር ሊቆም ሲል ትንሽ ትንሽ እያለ ይሳባል። ቀላሉ መንገድ ስፕሪንግ ያለውንና አውሮፕላንን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የኤሌቬተር ስቲክ ለትሮትል መመደብ ነው። ኢኤስሲውም ኋላ ማርሽ ያለው ይሁን። የአውሮፕላን ኢኤስሲ የስቲኩን መሃል እንደ ግማሽ ፍጥነት ስለሚያነበው፣ ለደህንነት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጭራሹን አይነሳም።

የሞተሩን ዙረት በሪሞት መገልበጥ

ጥንድ ፕሮፔለሮች አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ሲገጠሙ አንዱ ሞተር ወደ ኋላ ቢገፋ የሚገርም አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሪሞቱን የቻናል (ለእያንዳንዱ ሞተር ወይም መሪ የተመደበው መስመር) መገልበጫ ሜኑ ይከፍታል። ነገር ግን ብዙ ኢኤስሲዎች ለኋላ ማርሽ የሚሰጡት ኃይል ለወደፊት ከሚሰጡት ያነሰ ነው። ቻናሉ ሲገለበጥ ያ ሞተር ሁልጊዜ በኋላ ማርሽ ጉልበት ወደፊት ይገፋል፤ ጀልባውም በደከመው ሞተር በኩል ይጎትታል። መገልበጥ ያለበት ሽቦው ነው። ብሩሽ ያለው ሞተር ከሆነ በኢኤስሲውና በሞተሩ መካከል ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ያቀያይሩ፤ ብሩሽ የሌለው (ብሩሽለስ) ከሆነ ከሦስቱ ማናቸውንም ሁለቱን። የባትሪውን ሽቦዎች ግን በፍጹም አያቀያይሩ፤ ኢኤስሲው ወዲያው ይቃጠላል።

የመኪና ኢኤስሲን ከነፍሬኑ መጠቀም

የመኪና ኢኤስሲ ስቲኩ ወደ ኋላ ሲሳብ መጀመሪያ ፍሬን ይይዛል። ኋላ ማርሽ የሚገባው ስቲኩ ፍሪ ላይ ደርሶ ዳግመኛ ሲሳብ ነው። አንድ ሞተር ላለው ጀልባ ይህ የሚያናድድ ነገር ቢሆንም ይቻላል። በሁለት ሞተር ግን አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ፍሬን ይዞ ይቆማል፤ ባሉበት መዞር የሚባለው ነገር ይጠፋል። ኢኤስሲውን በጃምፐር ወይም በፕሮግራም ካርዱ ፍሬን ወደሌለው የወደፊትና የኋላ አሠራር ይቀይሩት። ይህ ምርጫ ከሌለው ሌላ ኢኤስሲ መፈለግ ይሻላል።

ሁለቱንም ቀይ ሽቦዎች ሪሲቨር ላይ መሰካት

አብዛኛው ኢኤስሲ በቀዩ ሽቦ ጀልባው ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ሲግናል ለሚቀበለው ሪሲቨር 5 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሁለት ሲሰኩ ሁለት የኃይል ምንጮች አንድ መስመር ላይ ይጋጠማሉ። ቮልቴጃቸው በትክክል እኩል ስለማይሆን ከፍ ያለው ጭነቱን ለብቻው ሊሸከምና ሊግል ይችላል፤ አንዳንዶቹም እርስ በርስ ስለሚረባበሹ ሪሲቨሩ መሃል ላይ ይቋረጣል። የአንዱን ቀይ ብቻ ያስቀሩ። የሌላውን ለማውጣት ሶኬቱ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ በመርፌ ጫፍ ቀና አድርገው ሽቦውን ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ጫፉን በኢንሱሌሽን ቴፕ ጠቅልለው ወደ ጎን ያስሩት። እንዲህ ከሆነ ሌላ ቀን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ጥቁሩ ወይም ቡናማው ሽቦ ግን አይነካ፤ ሲግናሉ የሚነበበው ከእሱ አንጻር ነው።

ትሪምና ሚክስ ሳይጠፋ ካሊብሬሽን መሥራት

ኢኤስሲ ካሊብሬት ሲደረግ የሚማረው የሪሞቱን መሃል፣ የወደፊቱን ጫፍና የኋላውን ጫፍ ነው። ትሪሙ፣ ማለትም የስቲኩን መሃል ጥቂት የሚያዛውረው ማስተካከያ፣ ሁለት ክሊክ ዘሞ ከነበረ ኢኤስሲው የተዛባውን መሃል እውነተኛ መሃል ነው ብሎ ይይዛል። መሃሉ በሁሉም ሪሞት አንድ ዓይነት እንዳይመስልዎ፤ በአብዛኞቹ የሲግናሉ ርዝመት 1500 ማይክሮሰከንድ ሲሆን በፉታባ 1520 ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሮቹን ያውልቁ፣ ትሪሙንና ሰብትሪሙን (ሜኑ ውስጥ ያለውን የየቻናሉን የመሃል ማስተካከያ) ዜሮ ያድርጉ፣ ሚክሱን ያጥፉ፣ የሁለቱንም ቻናሎች ገደብ 100 ላይ ያድርጉ። ከዚያ ሁለቱን ኢኤስሲዎች አንድ በአንድ፣ በዚያው በአንዱ ስቲክ ካሊብሬት ያድርጉ።

ቀጥሎ የሪሞቱን የቻናል ማሳያ ገጽ ከፍተው ስቲኩን በጣም በዝግታ እየገፉ እያንዳንዱ ሞተር ስንት ላይ እንደሚነሳ ይጻፉ፤ ወደ ኋላም እንዲሁ። ለምሳሌ ግራው ወደፊት በ6 ወደ ኋላ በ6 ተነሳ እንበል። ቀኙ ደግሞ ወደፊት በ11 ወደ ኋላ በ7። የቀኙ መሃል በ2 ነጥብ ወደፊት ዘሟል ማለት ነው። ሰብትሪሙን 2 ሲያደርጉት በሁለቱም በኩል 9 ይሆናል። የቀረችው የ3 ነጥብ ልዩነት ቀኙ ኢኤስሲ መሃል አካባቢ ምላሽ የማይሰጥበት ክልል ሰፊ ስለሆነ የመጣች ናት። ሰብትሪም ይህችን አያነሳትም፤ አንዱን ወገን ሲያቃና ሌላውን ያበላሻል። የሚያቃናት በቀኙ ቻናል ላይ የሚሠራ ከርቭ (ስቲኩ በየቦታው የሚሰጠውን ቁጥር የሚቀይር ቅንብር) ወይም ሁለት አንድ ዓይነት ኢኤስሲ መጠቀም ነው።

ጀልባው ቀጥ ብሎ አልሄድ ሲልም ቶሎ ወደ ትሪም አይሂዱ። አንደኛው ዘንግ ግሪስ ያነሰው ወይም ከሞተሩ ጋር ያልተሰመረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ዘንጎች በእጅ ሲያዞሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። በትሪም የተሸፈነ ጠባብ ዘንግ ሞተሩን ማጋሉን አያቆምም።

ሚክሱን ያለ ሒሳብ ማስገባት

አሁን ሚክስ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ትሮትሉ ሁለቱንም ሞተሮች እኩል ያንቀሳቅሳል፤ የመሪው ስቲክ በአንዱ ላይ ሲደምር ከሌላው ይቀንሳል። ትሮትል 100 በመቶ፣ መሪ 30 በመቶ ብለው ይጀምሩ። ትሮትሉ ግማሽ ላይ ሆኖ መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ቀኙ 80፣ ግራው 20 ይሆናል። ትሮትሉ ፍሪ ሲሆን ቀኙ 30 ወደፊት፣ ግራው 30 ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ጀልባው ባለበት ይዞራል። ሙሉ ፍጥነት ላይ ግን ቀኙ 130 መሆን ነበረበት፣ ይህ ደግሞ የለም። 100 ላይ ይቆማል፤ ግራው 70 ይወርዳል። የመዞር አቅሙ እዚህ በግማሽ የሚቀንሰው ለዚህ ነው፤ ኢኤስሲው ተበላሽቶ አይደለም። በሁሉም ፍጥነት እኩል መዞር ከፈለጉ ትሮትሉን 75፣ መሪውን 25 ያድርጉት። ለጎታች ጀልባ ወይም ለመርከብ ሞዴል ይህ ይበቃል።

ባለበት ሲዞር ወደፊት የሚሸሸው ፕሮፔለር ወደ ኋላ ሲዞር የሚገፋው ውሃ ስለሚያንስ ነው። ወደ ኋላ የሚሄደውን ወገን ድርሻ ለብቻው ወደ 40 ከፍ ያድርጉ፤ ጀልባው ከቦታው መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ሁለት ሁለት ነጥብ ይጨምሩ።

ሌላው ስህተት ሚክሱን ያለ ማጥፊያ መተው ነው። ውሃ ላይ ተነስቶ የሚሮጥ ፈጣን ጀልባ በሙሉ ፍጥነት አንዱ ሞተሩ ድንገት ሲቀንስ ሊገለበጥ ይችላል። ሚክሱን በስዊች ያስሩት፤ ዳር ሲጠጉ ይብራ፣ ሲሮጡ ይጥፋ፣ መዞሩን መሪው ይሥራው። ሪሞቱ ላይ ለአውሮፕላን ተዘጋጅቶ የመጣውን የኤሌቮን ሚክስ የሚጠቀሙ ከሆነም የቻናል ማሳያውን ይመልከቱ፤ እያንዳንዱ ድርሻ 50 ላይ ሆኖ ከተገኘ ሞተሮቹ ሙሉ ፍጥነት ላይ አይደርሱም።

ሦስተኛውን ሞተር ከሚክሱ ጋር መቀላቀል

ሦስት ዘንግ ባለው ጀልባ ሚክስ የሚገባው ለሁለቱ የዳር ሞተሮች ብቻ ነው፤ የመሃሉ ትሮትሉን ብቻ ይከተል። ታይታኒክም የመሃል ፕሮፔለሯ በተርባይን የሚሠራ ሆኖ ኋላ ማርሽ አልነበረውም። ሞዴሉ ላይም የመሃሉ ሞተር ወደ ኋላ እንዳይዞር በከርቭ ዜሮ ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ። መሪው ከመሃሉ ፕሮፔለር ጀርባ ከሆነ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ያ ፕሮፔለር ሲቆም መሪው ላይ የሚመታው ውሃ ስለሚቀንስ የመሪው ጉልበት በጣም ይወርዳል።

ፌይልሴፉን ወደ ታች ማድረግ

ፌይልሴፍ ማለት ሲግናል ሲጠፋ ሪሲቨሩ በራሱ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ለአውሮፕላን ሲግናል ሲጠፋ ትሮትሉ መጨረሻው ታች ይወርዳል። ያንኑ ለጀልባ ካደረጉት ሲግናል ሲጠፋ ሁሉም ሞተሮች በሙሉ ኃይል ወደ ኋላ ይነሳሉ። የእያንዳንዱ ሞተር ቻናል ፌይልሴፍ የተስተካከለው መሃል ላይ ይሁን፤ ሰብትሪም በነኩ ወይም ሪሲቨሩን ከሪሞቱ ጋር እንደገና ባጣመሩ (ባይንድ ባደረጉ) ቁጥር ይድገሙት። ለመፈተሽ ጀልባውን ማቆሚያ ላይ አጥብቀው ይያዙ፣ እጅዎን ከፕሮፔለር ያርቁ፣ ሞተሮቹን በዝግታ እያዞሩ ሪሞቱን ያጥፉ። ሁሉም መቆም አለባቸው። በሌላ ጊዜ ሁሉ ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ መጨረሻ ይጠፋል።

አንቴናውን ከውሃው መስመር በታች መቅበር

ውሃ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ክፉኛ ይውጣል። ሥራውን የሚሠራው የአንቴናው ጫፍ፣ ወደ 31 ሚሊ ሜትር የምትሆነው ክፍል ናት። ይህችን ከውሃው መስመር በላይ፣ ቀጥ አድርገው፣ ከሞተርና ከባትሪ ሽቦ አርቀው ያስቀምጡ። ሁለት አንቴና ካለ አንዱ ቆሞ ሌላው ይተኛ። ከዚያ ሪሞቱን በሬንጅ (የርቀት) መፈተሻው አሠራር ላይ አድርገው አንድ ሰው ጀልባውን ውሃ ላይ እንደያዘ 30 እርምጃ ያህል ይራቁ። መጀመሪያ ሞተሮቹ ቆመው፣ ቀጥሎ አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሁሉም አብረው። ሞተር ሲነሳ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንቴናውን አይነካኩ፤ ብሩሽ ያላቸው ሞተሮች ላይ ሦስት ሦስት የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይበይዱ፦ አንዱን በሁለቱ ጫፎች መካከል፣ ሁለቱን ከየጫፉ ወደ ሞተሩ ቆርቆሮ።